ስለ እጅ ባትሪ መነካኪያ መላላትና ስለ አጠጋገኑ

በወላይታ አገር፥ ከሶዶ ከተማ በላይ ካለው ከዳሞታ ተራራ ጀምሮ ቁልቁል እስከ አባያ ሐይቅ ዳርቻ ድረስ ባለው ምድር፥ የገበሬው ሥራ በፀሓይ ብርሃን ብቻ የሚፈጸም አይደለም። ጃርት በሌሊት መጥታ የእንሰቱን ሥር ትቆፍራለች፤ አሚቾውንም ትበላለች። ከርከሮ የስኳር ድንቹንና የቦይናውን ማሳ ይገለብጣል። ላምም የምትወልድበትን ሰዓት አስቀድማ ለማንም አትነግርም። እንሰት እንደ አገሩ ብርድና ሙቀት ለመድረስ ብዙ ዓመት የሚፈልግ ተክል ስለ ሆነ፥ በአንድ ሌሊት የተቆፈረው ሥር የዓመታት ድካም ነው። ስለዚህ የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ወይም የእንስሳት ሐኪም በሌሊት በተጠራ ጊዜ፥ በእጁ የያዘው ባትሪ እንደ መርፌውና እንደ መድኃኒቱ የሥራ መሣሪያ ሆኖ ይቈጠራል።

ዳሩ ግን ይህ መሣሪያ በገደል አፋፍ ላይ ድንገት ድርግም ይላል። ባለቤቱ በመዳፉ መታ መታ ቢያደርገው ይበራል፤ ጥቂት እርምጃ ከሄደ በኋላ ደግሞ ይጠፋል። በማግሥቱም «ድንጋዩ አልቋል» ብሎ የነበረውን ይጥልና አዲስ ይገዛል። አዲሱ ድንጋይ ሲገባ ብረቱን ስለሚፍቀው ባትሪው ጥቂት ቀን ደኅና ያበራል፤ ከዚያ በኋላ ያው የቀድሞው ነገር ይመለሳል። በዚህ ጊዜ ሰውየው «ነጋዴው አሮጌ ድንጋይ ሸጠልኝ» ብሎ ያማርራል። ነጋዴውም ድንጋዩም በደል የለባቸውም፤ ጥፋቱ ድንጋዩ በሚነካካበት ብረት ላይ ነው።

የነገሩ ምክንያት እንዲህ ነው። ኤሌክትሪክ የሚሠራው ዙሪያውን ዞሮ ወደ ተነሣበት ሲመለስ ብቻ ነው። በተራው የእጅ ባትሪ ውስጥ ከድንጋዩ ጉጥ ወደ አምፖሉ ጫፍ፥ ከአምፖሉ ጎን በማብሪያው በኩል ወደ ቀፎው፥ ከቀፎው ወደ ኋላ ክዳን፥ ከክዳኑም በሞላው በኩል ወደ ድንጋዩ ቂጥ መንገድ አለው። በዚህ መንገድ ላይ አንዲት የዝገት ልባስ ወይም እንደ ፀጉር የቀጠነች ክፍተት ብትገኝ መንገዱ ይቈረጣል። ባይቈረጥም እንኳ ይጠብባል። አንዱ ድንጋይ 1.5 ቮልት ስለ ሆነ ሁለቱ 3 ቮልት ይሰጣሉ፤ የዛገ መነካኪያ ግን 2 ኦም ያህል ቢቃወም፥ በተራው አምፖል ላይ ግማሽ ቮልት ያህሉ በዝገቱ ላይ ይቀራል። ብርሃኑ የሚቀላው ስለዚህ ነው።

ድንጋዩም በራሱ ብረቱን ያበላሻል። በርካሽ የሚሸጠው የዚንክና የከሰል ድንጋይ መሠረቱ ፈረንሳዊው ዦርዥ ልክላንሼ በ1866 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፈሳሽ የሞላበት ዕቃ ነበረ፤ በ1880ዎቹም ጀርመናዊው ካርል ጋስነር ፈሳሹን እንደ ሊጥ በተለወሰ ነገር ለውጦ ለመንገድ የሚመች አደረገው። በዚህ ድንጋይ የዚንኩ ቆርቆሮ ዕቃውም ማገዶውም እርሱ ነው፤ ሲያገለግል ውስጡ እየተበላ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ተበስቶ አሲድነት ያለው ፈሳሽ ያንጠባጥባል። አልካላይን የተባለው ድንጋይ ዕድሜው ረዘም ይላል፤ ቢያፈስ ግን የሚወጣው እንደ ጨው ነጭ ሆኖ የሚደርቅ፥ ቆዳንና ዓይንን የሚያቃጥል ነገር ነው። በበልግና በክረምት ዝናብ ወራት የሚገባው እርጥበት ሲጨመርበት ሞላው ፈጥኖ ይዝጋል።

እንግዲህ ድንጋዩ ከመጣሉ በፊት ምርመራ ይደረግ። ባትሪው ሲበራ ብርሃኑ ደኅና ሆኖ ጀምሮ ቀስ በቀስ እየቀላ ከሄደ፥ ጥቂትም ሲያርፍ እንደ ገና ከተሻለ፥ ድንጋዩ ደክሟል። ቢነቃነቅ የሚበራና የሚጠፋ እንደ ሆነ፥ ወይም ክዳኑ ሲጠብቅና ሲላላ ብርሃኑ የሚለወጥ እንደ ሆነ፥ ሕመሙ የመነካኪያ ነው። የበለጠ ማረጋገጥ ለሚፈልግ አንድ ስንዝር ሽቦ ይበቃዋል። ሁለቱን ድንጋዮች አንዱን በአንዱ ላይ አቁሞ፥ የአምፖሉን ጫፍ በላይኛው ጉጥ ላይ አሳርፎ፥ የሽቦውን አንዱን የተላጠ ጫፍ ከታችኛው ድንጋይ ቂጥ፥ ሁለተኛውን ከአምፖሉ ጎን ቢያስነካ፥ አምፖሉም ደኅና አድርጎ ቢበራ፥ ድንጋዩና አምፖሉ ጤነኞች ናቸው ማለት ነው። በአሁኑ ጊዜ በብዛት የሚሸጠው ባለ ኤል.ኢ.ዲ. ባትሪ ግን በዚህ መንገድ ሁልጊዜ አይመረመርም፤ ነጩ ኤል.ኢ.ዲ. 3 ቮልት ያህል ይፈልጋልና፥ ሲገለበጥም አይበራም። የእርሱ ድንጋይ ደኅና በሆነ ሌላ ባትሪ ውስጥ ገብቶ ይሞከር።

ጥገናው ሲጀመር ድንጋዮቹ ሁሉ ይውጡ። ነጭ ቅርፊት የታየበት የአልካላይን ፍሳሽ በኮምጣጤ ወይም በሎሚ ጭማቂ በራሰ ጨርቅ ይጠረግ። ከዚንኩ ድንጋይ የወጣው ግን ራሱ አሲድነት ስላለው ሎሚ አይጨመርበትም፤ በውሃ በተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ ይጠረግ። ከዚያ በኋላ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ተወልውሎ ፈጽሞ እስኪደርቅ ድረስ ተከፍቶ ይቀመጥ። ይህን ማድረቅ ብዙ ሰው ይቸኵልበታል፤ ተቻኵሎ የተከደነ ባትሪ በሳምንቱ ይዝጋል። እጅም በውሃ ይታጠብ።

ቀጥሎም ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ድንጋዩን የሚነካው የሞላው ጫፍ ብቻ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ይፈተግ። ሞላው በሙሉ ቢፈተግ ከዝገት የሚጠብቀው ስስ ልባስ ይነሣል። የክዳኑ ጥርስና የቀፎው ከንፈርም መንገድ ስለ ሆኑ እንዲሁ ይጥረጉ፤ ሰው ሁሉ ሞላውን አጽድቶ እነዚህን ይረሳቸዋል። ዝገቱን አቃጥላለሁ ብሎ ሞላውን በእሳት ማጋል ክልክል ነው፤ ጉልበቱ ጠፍቶ እንደ ተራ ሽቦ ይሆናል።

የተጨቈነ ሞላ በጣት ወይም በፒንሳ በቀስታ ጥቂት ይሳብ። በሞላ ፈንታ የናስ ምላስ ያለው ዐይነት ከሆነ፥ ምላሱ ከሥሩ በቢላዋ ጫፍ ወደ ድንጋዩ ቀና ይደረግ፤ ደጋግሞ ማጠፍ ግን ይሰብረዋል። መጨረሻም እንደ ወረቀት የሳሳ ቫዝሊን ይቀባ። ቫዝሊን የለም ተብሎ ቅቤ አይቀባ፤ ቅቤ ሲቆይ ኮምጥጦ ብረቱን ይበላዋል።

ሞላው ደክሞ አልመለስ ካለ ከሲጋራ ፓኮ የሚገኘው ብርማ ወረቀት ታጥፎ በሞላውና በድንጋዩ ቂጥ መካከል ይገባል። ነገር ግን የዚህ ዐይነት መጠቅለያ ብዙውን ጊዜ ባንድ ወገኑ ወረቀት ስለ ተለጠፈበት፥ ወረቀቱ ካልተላጠ ኤሌክትሪኩን ያግዳል፤ ጠጋኙም ሠራሁ ብሎ አጠፋ ማለት ነው። ቁራጩ ከድንጋዩ ቂጥ ያነሰ ይሁን፤ ወደ ጎን አልፎ ሁለቱን ጫፎች ካገናኘ ድንጋዩ ግሎ ያልቃል። ሊትየም ለተባለው በኃይል ለሚሞላው ድንጋይ ደግሞ ይህ ዘዴ ጭራሽ አይደረግ፤ ጫፎቹ ቢገናኙ እስከ መቃጠልና እስከ መፈንዳት ይደርሳል።

በጽሕፈት ቤት ግምጃ ቤት የሚቀመጡ ባትሪዎች ድንጋያቸው ወጥቶ ለብቻው በደረቅ ስፍራ ይቀመጥ፤ የገባበትም ቀን በመዝገብ ይጻፍ። አዲስና አሮጌ ድንጋይ በአንድ ቀፎ አይደባለቅ፤ ብርቱው ደካማውን እስኪያፈስ ድረስ ይገፋዋልና። በእውነት ያለቀው በአንድ ዕቃ ይጠራቀም እንጂ በእንሰት ጓሮ፥ በምንጭ አጠገብ ወይም በእሳት ውስጥ አይጣል፤ ልጆችም ቀጥቅጠው በጥቁሩ ዱቄት እንዳይጫወቱ ይከልከሉ።

ለሌሊት ተራ የተመደበ ሠራተኛ ባትሪውን ማታ ሲረከብ ሦስት ጊዜ አብርቶና አጥፍቶ፥ ክዳኑን ነቅንቆ፥ በመዳፉም መትቶ ይሞክረው። ከሦስቱ በአንዱ ድርግም ካለ ገና በመብራት አጠገብ ሳለ ይክፈተው።