ከቀብድ በፊት የቮልስ ካንዴላ ይለካ

በአሮጌ መኪና ገበያ «ሞተሩ ደክሟል» የሚለው አባባል ብዙ ብር ያስቀንሳል። በተለይ ቮልስ ዳገት ላይ ሲንተፋተፍ ወይም በሚኒሞ ሲንቀጠቀጥ የሰማ ገዢ፣ የሙሉ እድሳት ወጪ አስልቶ ከዋጋው ላይ እንዲነሳለት ይጠይቃል። ይሁን እንጂ የአራቱ ካንዴላዎች ክፍተት ከልኩ ሲወጣም ይኸው ምልክት ይታያል። ይህን ያልለየ ሻጭ ደህና ሞተር በርካሽ ይሰጣል፤ ገዢም «ካንዴላ ብቻ ነው» ተብሎ ያለቀ ሞተር ሊረከብ ይችላል። የመጨረሻው ቮልስ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ፑዌብላ ውስጥ ተሠርቶ ምርቱ ስለቆመ፣ ስሕተቱ ለሁለቱም ወገን ቀላል አይደለም።

ክፍተት የሚባለው በካንዴላው መካከለኛ ዘንግና ከጎን ታጥፎ በሚመጣው ቀንድ መሀል ያለው ርቀት ነው። በፑንቲና ለሚሠራ የቮልስ ሞተር ልኩ ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ነው። ክፍተቱ ከዚህ ሲሰፋ ብልጭታው ለመዝለል ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይፈልጋል። የድሮው ኮይልና ፑንቲና ይህን ማቅረብ ሲያቅታቸው ሞተሩ ጭነት በበዛበት ሰዓት፣ በተለይ ዳገት ላይ፣ ይንተፋተፋል። ሲጠብ ደግሞ ብልጭታው ስለሚያንስ ሚኒሞው ይበላሻል። ክፍተቱ ካንዴላው ባገለገለ ቁጥር እየሰፋ ይሄዳል። አዲስ ካንዴላም ቢሆን ለሌላ መኪና ተስተካክሎ ሊመጣ ስለሚችል ሳይለካ መግጠም አይገባም።

ሥራው የሚጀመረው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው። የቮልስ ቴስታታ አሉሚኒየም በመሆኑ በትኩስነቱ ሲፈታ ወይም ካንዴላው በኃይል ሲጠብቅ ጥርሱ ይበላል፤ ያን ጊዜ ትንሹ ሥራ ትልቅ ወጪ ያመጣል። የእሳት አሰጣጡ ተራ 1-4-3-2 ስለሆነ ገመዶቹ ከመነቀላቸው በፊት ምልክት ይደረግባቸዋል። ከዚያም ፊለር ጌጅ የሚባለው ስስ የብረት ቅጠል በክፍተቱ ውስጥ ይገባል፤ ጥቂት ያዝ እያደረገ ካለፈ ልኩ ደርሷል። ማስተካከል ካስፈለገ የሚታጠፈው የጎኑ ቀንድ ብቻ ነው። መካከለኛውን ዘንግ ተደግፎ መፈልቀቅ ሸክላውን ይሰነጥቃል። ካንዴላው ሲመለስ መጀመሪያ በጣት ይጠመዘዛል፤ መፍቻ የሚያዘው በመጨረሻ ነው። የፑንቲናውም ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር መሆኑ አብሮ ይታያል።

የተፈታው ካንዴላ መልክም ለተደራዳሪዎች መረጃ ይሰጣል። ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ሞተሩ በደህና እየነደደ ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ቤንዚን መብዛቱን ያመለክታል፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍተኛ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ለዝቅተኛ አገር የተስተካከለ ካርቡሬተር ይህን ሊያመጣ ይችላል። የነጣ ካንዴላ ከመጠን ያለፈ ሙቀትን ስለሚጠቁም በአየር ለሚቀዘቅዝ ሞተር አስጊ ነው። በዘይት የራሰ ከሆነ ግን ፋሻው ማለቁ ወይም ዘይት በቫልቭ በኩል መግባቱ ያጠራጥራል፤ ይህን ክፍተት ማስተካከል አያድነውም።

ካንዴላዎቹ በልካቸው ከተገጠሙ በኋላ መኪናው ዳገት ላይ ይሞከራል። ችግሩ ካልጠፋ የአራቱም ሲሊንደሮች ኮምፕሬሽን ይለካል። በከፍታ ቦታ ንባቡ በባሕር ጠረፍ ከሚገኘው ስለሚያንስ፣ ዋናው ነገር አራቱ እርስ በርሳቸው መቀራረባቸው ነው። አንዱ ከሌሎቹ በብዙ ከወረደ የእድሳት ወጪን አንስቶ መደራደር ተገቢ ይሆናል። ይህ ሁሉ ቀብድ ከመከፈሉ በፊት ቢከናወን ሻጭና ገዢ ዋጋውን የሚቆርጡት በግምት ሳይሆን በተለካ ነገር ይሆናል፤ ደላላውም ከኋላ ጭቅጭቅ ይድናል።