ከቀለብ ባሻገር፦ የጨቅላ የቲም የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት



ስለ የቲሞች ድጋፍ ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣው ደብተርና የደንብ ልብስ የሚያስፈልገው የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጅ ነው። የድጋፍ ቅጾችም በአመዛኙ የሚዘጋጁት እርሱን በማሰብ ነው፤ ስንተኛ ክፍል እንደደረሰና ምን ውጤት እንዳመጣ ይጠይቃሉ። ገና ዳዴ የሚል ወይም አፉን ያልፈታ ሕፃን ግን ክፍልም ውጤትም የለውም። በመሆኑም ትምህርት ቤት እስኪገባ ድረስ ወተትና ልብስ ከደረሰው ሁሉ የተሟላለት ይመስለናል። የዛሬው ትምህርታችን ዓላማ ይህ ግምት ለምን እንደማያስኬድ ማሳየት ነው። ጨቅላ ሕፃን ከቀለብ ባሻገር የሚያስፈልገው ነገር አለ፤ ያም ነገር ጊዜ የማይሰጥ ነው።

የእድገት መዘግየት ምንድን ነው?

ሕፃናት ሁሉ በአንድ ቀን አይቀመጡም፣ በአንድ ቀንም አይራመዱም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ ያደረገው መለኪያ ጤናማ ሕፃናት ያለ ድጋፍ የሚቀመጡት ከ4 እስከ 9 ወር ገደማ፣ ብቻቸውን የሚራመዱት ደግሞ ከ8 እስከ 17 ወር ተኩል ገደማ ባለው ጊዜ ውስጥ መሆኑን ያሳያል። ልዩነቱ ሰፊ ስለሆነ በጎረቤት ልጅ መለካት አያስፈልግም። ሆኖም አንድ ሕፃን ይህን ሰፊ ክልል አልፎም ካልተቀመጠ፣ ካልተራመደ፣ ካልተናገረ ወይም ከሰው ጋር መግባባት ካልጀመረ እድገቱ ዘግይቷል ይባላል።

መንስኤው ብዙ ነው፤ ያለ ጊዜው መወለድ፣ በወሊድ ወቅት የደረሰ ጉዳት፣ የምግብ እጥረት፣ የመስማት ችግር ወይም አብሮት የተወለደ ሁኔታ ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ ሁሉ ተለይቶ የሚታይ ሌላ መንስኤም አለ፤ እርሱም ሕፃኑ ሲያለቅስ፣ ሲስቅና ድምፅ ሲያሰማ መልስ የሚሰጠው ሰው ማጣት ነው። ቀዳሚ ድጋፍ የምንለው እንዲህ ያለውን መዘግየት ከልደት እስከ ሦስት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ለይቶ ሕፃኑንና አሳዳጊውን በአንድነት መርዳትን ነው።

ከቡካሬስት የተገኘው ትምህርት

የመልስ ሰጪ ማጣት ጉዳት በግልጽ የታየው በሮማንያ ነው። የኒኮላይ ቻውሼስኩ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1966 የሕዝቡን ቁጥር ለማብዛት ሲል ፅንስ ማቋረጥን በአብዛኛው ከለከለ። ድህነት የጠናባቸው ወላጆች ልጆቻቸውን ለመንግሥት ማሳደጊያዎች አስረከቡ፤ መንግሥቱ በ1989 መጨረሻ ሲወድቅ ከ100,000 በላይ ልጆች በነዚህ ቤቶች ይኖሩ ነበር። አንዲት ተንከባካቢ ከአሥር በላይ ሕፃናትን ትይዝ ስለነበር መመገብና ማጽዳት እንጂ ማጫወት አይታሰብም ነበር። ለቅሷቸው መልስ የማያገኝ ሕፃናት በመጨረሻ ማልቀሱንም ይተዋሉ።

ቻርልስ ኔልሰን፣ ናታን ፎክስና ቻርልስ ዚያና የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከ2000 ጀምሮ በቡካሬስት ስድስት ማሳደጊያዎች ውስጥ ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 31 ወር የሆነ 136 ሕፃናትን መዘገቡ። ግማሾቹ በዕጣ ተመርጠው ሥልጠናና ክፍያ ወደሚያገኙ አሳዳጊ ቤተሰቦች ተላኩ፤ የቀሩት ነባሩን እንክብካቤ ማግኘት ቀጠሉ፤ ቤተሰብ ያገኘ ሕፃን ግን እንዳይወጣ አልተከለከለም።

ሕፃናቱ 42 ወር ሲሞላቸው የአእምሮ እድገታቸው ተለካ፤ በዚህ መለኪያ አማካዩ ውጤት 100 ነው። በማሳደጊያ እንዲቆዩ የተመደቡት በአማካይ 77፣ ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ የሄዱት 86፣ በወላጆቻቸው ቤት ያደጉ የከተማዋ ልጆች ደግሞ 103 አገኙ። ከዚህም ይበልጥ የሚያስተምረው ሕፃናቱ ቤተሰብ ያገኙበት ዕድሜ ነው። 18 ወር ሳይሞላቸው ቤተሰብ የገቡት 94 ሲያገኙ፣ ከ30 ወር በኋላ የገቡት 80 ብቻ አግኝተዋል። ቤተሰቦቹ ተመሳሳይ ሥልጠና ያገኙ ሆነው ሳለ ልዩነቱን ያመጣው የወራት መቅደምና መዘግየት ነው። ይህ ሲባል ከሁለት ዓመት በኋላ የሚደረግ እርዳታ ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ የቀደመው ግን ብዙ ያተርፋል። ሮማንያም በ2004 ባወጣችው ሕግ ከባድ የአካል ጉዳት ከሌለባቸው በቀር ሁለት ዓመት ያልሞላቸውን ሕፃናት ማሳደጊያ ማስገባትን ከልክላለች።

ከጃማይካ የተገኘው ትምህርት

“የእኛ የቲሞች ያሉት በእናቶቻቸው ወይም በአያቶቻቸው ቤት ነው፤ የማሳደጊያ ታሪክ እኛን ምን ይመለከተናል?” የሚል ጥያቄ ይነሳ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ለእርሱም የሚቀርበው መልስ ከጃማይካ ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በ1986 እና 1987 በኪንግስተን ከተማ ድሃ መንደሮች ውስጥ ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 24 ወር የሆነ፣ በምግብ እጥረት የቀነጨሩ 129 ሕፃናት ተመረጡ። ሁሉም በቤተሰባቸው ቤት የሚኖሩ ነበሩ። ሳሊ ግራንታም ማክግሪጎርና ባልደረቦቿ ሕፃናቱን በአራት ክፍል መደቧቸው፤ አንዱ ክፍል በየሳምንቱ የዱቄት ወተት፣ ሁለተኛው የጨዋታ ትምህርት፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ሲያገኝ አራተኛው ሁለቱንም አላገኘም። የጨዋታው ትምህርት ቀላል ነበር። የሰፈር ጤና ሠራተኛ የሆነች ሴት በሳምንት አንድ ጊዜ ለአንድ ሰዓት ያህል ወደ ቤት ትመጣለች፤ ከቤት ዕቃ በተሠሩ መጫወቻዎች እናትየው ከልጇ ጋር እንዴት እንደምትጫወትና እንደምታወራ ታሳያታለች። ይህ ለሁለት ዓመት ቀጠለ።

ከ20 ዓመት በኋላ እነዚያ ልጆች ሠራተኞች ሆነው ሲፈለጉ፣ የጨዋታ ትምህርት የደረሳቸው ካልደረሳቸው በአማካይ 25 በመቶ የበለጠ ገቢ ነበራቸው፤ ውጤቱም በ2014 ታትሟል። ብቻውን የተሰጠው ወተት ግን እስከዚያ የዘለቀ ጥቅም አልታየበትም። ወተቱ አያስፈልግም ማለታችን አይደለም፤ የተራበ ሕፃን መጀመሪያ መብላት አለበት። ነገር ግን ወተት የጨዋታን ቦታ አይተካም።

በኛ ቤት ሲታይ

በሸሪዓው አገላለጽ የቲም ማለት አካለ መጠን ሳይደርስ አባቱ የሞተበት ልጅ ነው። እናቱ በሕይወት ልትኖር ትችላለች፤ ነገር ግን የባሏ ሐዘን ገና ሳይወጣላት ለዕለት ጉርስ ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች፤ ሕፃኑ የስምንት ዓመት እህቱ ጀርባ ላይ ወይም ጥግ ላይ ተቀምጦ ይውላል። ማታ ስትመለስ ድካሙና ትካዜው የመናገር አቅም አይተውላትም። እናትየው ልጇን ስለማትወድ አይደለም፤ ሰዓቱና ጉልበቱ ስለሌላት ነው። ስለዚህ ለጨቅላ የቲም የምንሰጠው ገንዘብ ትልቁን ፍሬ የሚያፈራው ለእናቲቱ ጊዜ ሲገዛላት ነው። በወር ውስጥ ጥቂት ቀናትን እቤት እንድትውል ካስቻላትና አንዲት የሠለጠነች እህት በየሳምንቱ እንድትጠይቃት ካደረገ ዓላማውን መታ።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አባታቸው ሳይወለዱ የሞቱባቸው የቲም ሆነው የጨቅላነት ዘመናቸውን ያሳለፉት በበኑ ሰዕድ በሐሊማ ቤት፣ በቤተሰብ መካከል እንደነበር እናውቃለን። የቲምን በቤተሰብ እቅፍ ማሳደግ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

ጨዋታውም ወጪ አይጠይቅም። እናት ስታጠባ ዓይኑን እያየች ታውራው። ድምፅ ሲያወጣ ድምፁን ትመልስለት፤ ቀጥሎ እርሱ እስኪመልስ ትጠብቀው። ፊቷን በሻሽ ሸፍና ትግለጥለት። ክዳኑ በደንብ በታሸገ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ባቄላ ጨምራ ታንኳኳለት። ቡና ስትወቅጥ፣ እንጀራ ስትጋግር የምትሠራውን እየነገረችው ትሥራ።

መቼ ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ?

“ወንድ ልጅ አፉን ዘግይቶ ይፈታል”፣ “ሲያድግ ይተወዋል” እያሉ መጠበቅ ውድ ወራትን ያባክናል። ከሚከተሉት አንዱ ከታየ ባለሙያ ማማከር ይገባል፦

- በ6 ወሩ ወደ ድምፅ የማይዞር፤
- ከ9 ወር በኋላ ያለ ድጋፍ የማይቀመጥ፤
- በ12 ወሩ እንደ “ባባ” ወይም “ማማ” ያለ ድምፅ የማያሰማ፣ በእጁም የማያመለክት፤
- በ18 ወሩ የማይራመድ ወይም አንድም ቃል የማይናገር፤
- በ2 ዓመቱ ሁለት ቃላትን የማያገናኝ፤
- በማንኛውም ዕድሜ ያውቅ የነበረውን የተወ።

ያለ ጊዜው ለተወለደ ሕፃን ወራቱ የሚቆጠሩት መወለድ ከነበረበት ቀን ጀምሮ ነው። አፉን ያልፈታ ልጅ አስቀድሞ ጆሮው ይመርመር። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ ከዚያም በ9 እና በ15 ወር ለክትባት የሚኬድባቸው ቀናት ይህን ጥያቄ ለማቅረብ ምቹ አጋጣሚዎች ናቸው።

በአሜሪካ ለምትኖሩ ቤተሰቦችም አንድ ነገር እናስታውሳለን። በዚያ አገር በ1986 በወጣ ሕግ መሠረት ሦስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን እድገት ያለ ክፍያ ይመረመራል። ወላጅ የሐኪም ወረቀት ሳይጠብቅ ራሱ ማመልከት ይችላል፤ ምርመራውና የመጀመሪያው የዕቅድ ስብሰባ በ45 ቀናት ውስጥ መካሄድ አለበት፤ አስተርጓሚም መጠየቅ ይቻላል። ብዙ ቤተሰብ ግን “ሰው ምን ይለናል” በሚል ሐፍረት ይህን መብት ሳይጠቀምበት ሦስቱ ዓመታት ያልፋሉ። የልጅ መዘግየት ነውር አይደለም፤ ነውሩ እያወቁ መተው ነው።

ለውይይት

1. በምንደግፈው ቤት ውስጥ ሦስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን አለ? ቀን ላይ ከማን ጋር ይውላል?
2. ለእናቲቱ በሳምንት አንድ ሰዓት ለማስገኘት እኛ ምን ማድረግ እንችላለን?
3. በሰፈራችን እናቶችን በየሳምንቱ ልትጠይቅ የምትችል እህት ማን ናት?

የተከበራችሁ ለጋሾች፣ በሚቀጥለው ጊዜ ስለምትደግፉት ጨቅላ ስትጠይቁ “በልቷል ወይ?” ከሚለው ጥያቄ ቀጥላችሁ “ማን ያናግረዋል?” ብላችሁ ጠይቁ። አላህ አማናውን በአግባቡ ለመወጣት ያግዘን።