የነርቭ መልእክት እንዴት ይጓዛል?

በድንጋያማ መንገድ ሲሄድ እንቅፋት የመታው ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። የእግሩ ጣት ድንጋዩን እንደ ነካ ወዲያው ይታወቀዋል፤ የሚያቃጥለው ሕመም ግን «ተርፌያለሁ» ሊል ሲል ቆየት ብሎ ይመጣል። ከአንድ ጣትና ከአንድ ድንጋይ የተነሡ ሁለት መልእክቶች እኩል የማይደርሱት ስለ ምንድን ነው? በዚህ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ እየተከተልን የነርቭ ሴል ኤሌክትሪክን እንዴት እንደሚያመነጭና እንደሚያስተላልፍ እንመለከታለን። የሕክምና ተማሪ ላልሆኑት ጓደኞቻችንም እንዲገባ አድርገን ለመጻፍ ሞክረናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በነርቭና በኤሌክትሪክ መካከል ዝምድና መኖሩን የገለጸው የቦሎኛው ሰው ሉዊጂ ጋልቫኒ ነው። የሞተ እንቁራሪት እግር ኤሌክትሪክ ሲነካው እንደሚወራጭ ተመልክቶ በ1791 ሥራውን አሳተመ። ከዚያ በኋላ ነርቭን እንደ ቴሌግራፍ ሽቦ አድርገው የገመቱ ብዙዎች ነበሩ። ይሁን እንጂ በ1850 ጀርመናዊው ሄርማን ሄልምሆልትዝ የእንቁራሪትን ነርቭ ፍጥነት ቢለካው በሴኮንድ 30 ሜትር ገደማ ብቻ ሆኖ አገኘው። በሽቦ የሚተላለፍ ምልክት ግን በሴኮንድ ብዙ ሺህ ኪሎሜትር ይሄዳል። እንግዲህ ነርቭ ተራ ሽቦ አይደለም ማለት ነው። ታዲያ ምንድን ነው?

የነርቭ ሴል፣ እንደ ሌላው ሴል ሁሉ፣ በስስ ሽፋን የተከበበ ነው። የሽፋኑ ውፍረት ከአንድ ሚሊሜትር መቶ ሺኛ እጅ እንኳ ያነሰ ነው። ከሽፋኑ ውጭ ባለው ፈሳሽ የሚበዛው በገበታ ጨው ውስጥ የሚገኘው ሶዲየም ሲሆን፣ በውስጥ የሚበዛው ፖታሲየም ነው። በሰው አካል ሶዲየም በውጭ በኩል 10 እጥፍ ገደማ፣ ፖታሲየም ደግሞ በውስጥ በኩል 30 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ሁለቱም ፖዚቲቭ ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ናቸው። ይህን ልዩነት የሚጠብቀው በሽፋኑ ላይ የተተከለ ፓምፕ ነው፤ ይኸውም በአንድ ዙር 3 ሶዲየም እያወጣ 2 ፖታሲየም ያስገባል። ለዚህም ሥራ ከምግብ የሚገኘውን ጉልበት ይጠቀማል። ሴሉ በዕረፍት ላይ ሳለ አንዳንድ የፖታሲየም በሮች ክፍት ስለሆኑ ጥቂት ፖታሲየም ወደ ውጭ ይሾልካል። ፖዚቲቩን ይዞ ስለሚወጣም ውስጡ ኔጋቲቭ ሆኖ ይቀራል። ልዩነቱ 70 ሚሊቮልት ያህል ነው። የእጅ ባትሪ ድንጋይ 1.5 ቮልት ስላለው፣ አንድ ሴል የድንጋዩን ሃያኛ እጅ ያህል ይይዛል ማለት ነው።

መልእክት ሲያልፍ ምን እንደሚሆን ለመለካት የረዳው ስኩዊድ የተባለው አጥንት የለሽ የባሕር እንስሳ ነው፤ ከነርቮቹ አንዱ እስከ 1 ሚሊሜትር ይወፍራልና። እንግሊዛውያኑ አላን ሆጅኪንና አንድሩ ሃክስሊ በ1939 በፕሊመዝ ከተማ በዚህ ነርቭ ውስጥ ቀጭን ኤሌክትሮድ አስገቡ። ይጠበቅ የነበረው ልዩነቱ ወደ ዜሮ እንዲወርድ ነበር፤ እነርሱ ግን ዜሮን አልፎ ውስጡ ለቅጽበት ፖዚቲቭ ሲሆን አዩ። ጦርነቱ ሥራቸውን አቋረጠው። ከጦርነቱ በኋላ ተመልሰው ምክንያቱን በ1952 በሒሳብ ገለጹ፤ ሃክስሊም ስሌቱን በእጅ በሚዞር የሒሳብ መኪና ሠራው። በ1963 ለዚህ ሥራ የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

ያገኙት ነገር በአጭሩ ይህ ነው። በሽፋኑ ላይ የሶዲየም በሮችም አሉ፤ በዕረፍት ጊዜ ግን ዝግ ናቸው። የውስጡ ኔጋቲቭነት ከ70 ወደ 55 ሚሊቮልት ገደማ ሲቀንስ በሮቹ ይበረገዳሉ፤ ሶዲየም ይጎርፋል፤ ውስጡም ፖዚቲቭ ይሆናል። ወዲያው የሶዲየም በሮች ይዘጋሉ፤ ሌሎች የፖታሲየም በሮች ተከፍተው ፖታሲየም ይወጣል፤ ሴሉም ወደ ቀድሞ ሁኔታው ይመለሳል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው በአንድ ሺኛ ሴኮንድ ገደማ ነው። መነሻው ልክ ካልደረሰ ምንም አይሆንም፤ ከደረሰ ግን ሙሉው ይሆናል፤ ግማሽ መልእክት የለም። ብርቱ ምትና ቀላል ምት የሚለዩትም መልእክቱ በመተለቁ ሳይሆን በመደጋገሙ ነው።

መልእክቱስ እንዴት ይጓዛል? በትንሣኤ ሌሊት ጧፍ ከጧፍ ሲለኮስ ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ከፊት የተነሣው ብርሃን ከኋላ ለቆመው ሲደርስ አይደክምም፤ እያንዳንዱ ጧፍ የሚነደው በራሱ ሰም ነውና። በነርቭም ላይ በአንዱ ስፍራ የገባው ሶዲየም የቀጣዩን ስፍራ በሮች ያስከፍታል፤ ቀጣዩም ከራሱ ደጅ ሶዲየም ያስገባል። ስለዚህ መልእክቱ ከእግር ጣት እስከ አከርካሪ አንድ ሜትር ያህል ተጉዞ እንደ ተነሣ ሆኖ ይደርሳል። አሁን የተዘጋ በር ወዲያው ስለማይከፈትም ወደ ኋላ አይመለስም።

ፈጣኑ ነርቭ ስብ በበዛበት መጠቅለያ የተጠቀለለ ነው። መጠቅለያው በየሚሊሜትሩ ገደማ ይቋረጣል፤ የሶዲየም በሮችም በዚያ ክፍተት ላይ ተሰብስበዋል። መልእክቱ ከክፍተት ወደ ክፍተት ስለሚዘል በሴኮንድ 50 ሜትር ያህል ይሄዳል። የሚያቃጥለውን ሕመም የሚያመጣው ቀጭን ነርቭ ግን መጠቅለያ የለውም፤ በሴኮንድ 1 ሜትር ገደማ ያዘግማል። የእንቅፋቱ ምሥጢር ይህ ነው።

ነገሩ በበሮች ላይ የቆመ ከሆነ፣ በሮቹን የሚነካ ሁሉ ሰውን ይነካል። የጥርስ ሐኪም ድድ ላይ የሚወጋው ማደንዘዣ የሶዲየምን በሮች ስለሚዘጋ የሕመሙ መልእክት አያልፍም፤ መድኃኒቱ ሲለቅ በሮቹ ሥራቸውን ይጀምራሉ። በር ያለ መጠን ሲከፈት ግን ጉዳቱ የከፋ ነው። ምሳሌውም ከአገራችን አይርቅም።

በአንዱ ነርቭ መጨረሻና በሌላው መካከል እጅግ ጠባብ ክፍተት አለ። በአንጎል ውስጥ ይህን ክፍተት መልእክቱን ከሚያሻግሩት ኬሚካሎች ዋነኛው ግሉታሜት ነው፤ የቀጣዩን ሴል በር ከፍቶ ወዲያው ይወገዳል። በጓያ ፍሬ ውስጥ ያለው፣ በ1964 በሕንድ አገር ተለይቶ የታወቀው ኦዳፕ የተባለ መርዝ ግሉታሜትን ስለሚመስል ያንኑ በር ይከፍታል። ያለ ልክ የተቀሰቀሰ ሴል ይጎዳል፤ ይሞታልም። እግርን የሚያዙት ነርቮች እንዲህ ሲጎዱ ጉልበት ይተሳሰራል፤ ሰውየውም ዕድሜውን በምርኩዝ ይኖራል።

ጓያ ድርቅን ይችላል። ሌላው እህል ሲጠፋ እርሱ ስለሚተርፍ ድኻው ለሁለትና ለሦስት ወር እርሱን የዕለት ምግቡ ያደርገዋል። በ1970ዎቹ በደምቢያና በፎገራ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻም በደላንታና በዳውንት ብዙ ሰዎች፣ ይልቁንም ወጣት ወንዶች፣ በዚህ ምክንያት እግራቸውን አጥተዋል።

እኛ ተማሪዎች ለክረምት ወደ ቤተ ሰቦቻችን ስንመለስ ልንናገረው የሚገባን ነገር አለ። ጓያ ብቻውን የዘወትር ምግብ እንዳይሆን፣ ከሌላ እህል ጋር እንዲደባለቅ፣ ተዘፍዝፎም ውሃው እንዲደፋ ማስረዳት ይቻለናል፤ ይህ ግን መርዙን ይቀንሰዋል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም። ሌላ የሚበላው የሌለውን ሰው «አትብላ» ማለት ምክር አይባልም። የሚያድነው እህል በጊዜው ሲደርስለት ነው፤ ጉልበቱ ከተሳሰረ በኋላ የሚደርስ እህል የሞተውን ነርቭ አያስነሣምና።