የችግኝ ሥር ለምን ይቆረጣል?

የአረርቲ አካባቢ መሬት ጤፍ፣ ስንዴ፣ ምስርና ሽምብራ ያበቅላል። ዛፍ ግን በብዙ ቦታ ሳስቷል። ማገዶ ሲጠፋ ኩበት ይነዳል። ኩበቱ ሲነድ ማሳው ፍግ ያጣል። ፍግ ያጣ ማሳ ምርቱ ይቀንሳል። እንግዲህ የዛፍ ጉዳይ የእንጀራም ጉዳይ ነው።

በክረምት ሁላችንም ችግኝ እንተክላለን። ታዲያ ሁሉም ለምን አይጸድቅም? አንዱ በጋው ሳይገባ ይደርቃል። ሌላው ሳይሞትም ሳያድግም ዓመት ከዓመት እዚያው ይቆማል። ሰው «መሬቱ ነው፣ ዝናቡ ነው» ይላል። ብዙ ጊዜ ግን ምክንያቱ ያለው ከአፈር በታች፣ ሥሩ ላይ ነው።

ይህን ለመረዳት የሩቅ አገር ሥራ እንመልከት። በጃፓን ሰዎች ዛፍን በትንሽ ሸክላ ውስጥ ያሳድጋሉ። ይህን ሥራ «ቦንሳይ» ይሉታል። ዛፉ በዘሩ ድንክ አይደለም። ሜዳ ላይ ቢተከል እንደ ወንድሞቹ ይረዝማል። ድንክ የሚያደርገው የሰው እጅ ነው። በየጥቂት ዓመቱ ከሸክላው ያወጡታል፤ የተጠማዘዘውን ሥር በመቀስ ይቆርጣሉ፤ አዲስ አፈር ሰጥተው ይመልሱታል። ውሃ እንዳይተኛበትም የሸክላውን ቂጥ ይበሱታል። ቅርንጫፉን ይከረክማሉ፤ በሽቦ ጠምጥመው ቀስ በቀስ ያጎብጡታል። ሽቦው ልጡን ሳይበላው ይፈቱታል።

ዛፉ ታዲያ አይሞትም? አይሞትም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1625 ጀምሮ በዚህ ዓይነት የተያዘ አንድ የጥድ ዓይነት አለ። በ1945 ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ ሲወድቅ እዚያው ከተማ ነበረ፤ ተረፈ። በ1976 ለአሜሪካ በስጦታ ተሰጠ፤ ዋሽንግተን ውስጥ ይገኛል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ሥሩ የታሰረ ዛፍ አያድግም። ሁለተኛ፣ ሥር በልኩና በጊዜው ቢቆረጥ ዛፍ አይሞትም፤ አዲስ ሥር ያወጣል። እናንተም ይህን ከሽንኩርት ታውቁታላችሁ። ሽንኩርት ከመደብ ነቅላችሁ ስታዛውሩ ሥሩ ይበጠስ የለም ወይ? ውሃ ካገኘ ግን ያገግማል።

ወደ እኛ ችግኝ እንመለስ። ወይራም ሆነ ግራር በላስቲክ ውስጥ ብዙ ሲቆይ ሥሩ መሄጃ ያጣና እንደ ገመድ ይጠመጠማል። እንደተጠመጠመ ከተተከለ መሬት ውስጥም ያንኑ ክብ ይዞ ይቀራል። ሲወፍር እርስ በርሱ ይተናነቃል። ዛፉም ይቀጭጫል፤ ወይም ነፋስ ይጥለዋል። ጃፓኖቹ ድንክ ዛፍ ፈልገው አሰሩት። እኛ የምንፈልገው ማገዶ፣ ምሰሶና ጥላ ነው። ስለዚህ እንዲህ እናድርግ፦

1. ችግኙ መደብ ላይ ሳለ በየ2 ሳምንቱ ላስቲኩን እናንሳ። ከታች የወጣውን ሥር በመቀስ ወይም በምላጭ እንቁረጥ። ወዲያው ውሃ እናጠጣ።

2. ጉድጓዱን ከክረምት በፊት እንቆፍር። ስፋቱም ጥልቀቱም 2 ስንዝር ይሁን። የላዩንና የታቹን አፈር ለየብቻ እናስቀምጥ።

3. ዝናቡ መሬቱን በደንብ ሲያርሰው እንትከል። በዋዜማው ችግኙን እናጠጣ፤ አፈሩ አይበተንም።

4. ላስቲኩን ቀደን ሙሉ በሙሉ እናውጣ። ከነላስቲኩ መትከል ዛፉን ማሰር ነው። ከታች የተጠመጠመውን ሥር በአንድ ጣት ወርድ ያህል እንቁረጥ። ከዚያ በላይ አንቁረጥ፤ ቅጠሉን የሚያጠጣ ሥር ይጎድላል።

5. የላዩን ለም አፈር አስቀድመን እንመልስ። የችግኙ አንገት ከመሬቱ ጋር እኩል ይሁን። አፈሩን ዙሪያውን በእግራችን ጠቅጠቅ እናድርግ።

6. መረሬ ላይ ውሃ ስለሚተኛ ማፋሰሻ ቦይ እናውጣ። ፍየል እንዳይደርስበት በእሾህ እንጠር። ክረምቱ ሲወጣ ዙሪያውን ገለባ እናልብስ፤ እርጥበቱ ይቆያል።

ይህ ሁሉ ለአንድ ችግኝ ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ሥሩ ሳይታይ የተተከለ ችግኝ ግን የአንድ ክረምት ድካም ያስቀራል።

ጥያቄዎች

1. በላስቲክ ውስጥ ብዙ የቆየ ችግኝ ሥሩ ምን ይሆናል?
2. ጃፓኖቹ ሥር የሚቆርጡት ለምንድን ነው? እኛስ?
3. አምና ከተከላችሁት ውስጥ ያላደገ ችግኝ አለ? ዙሪያውን ቆፍራችሁ ሥሩን ተመልከቱ። ያያችሁትን በደብተራችሁ ጻፉና ለጎረቤታችሁ አንብቡለት።