የእጅ ስልክ ድረ ገጽና ክፍት ሥርዓት፦ ለገጠር ፕሮጀክት ሠራተኞች የቀረበ ትምህርት

የልማት ፕሮጀክቶች መረጃን ለአርሶ አደሩ የሚያደርሱበት መንገድ ባለፉት ዓመታት እጅግ ተለውጧል። ቀድሞ በወረቀት ተባዝቶ ወይም በስብሰባ ተነብቦ ይተላለፍ የነበረው የቡና ዋጋ፣ የዘር አቅርቦት፣ የውኃ ጉድጓድ ጥገናና የቁጠባ ማኅበር ጉዳይ ዛሬ በእጅ ስልክ ይተላለፋል። በመሆኑም አዲስ ፕሮጀክት ሲቀረጽ «መተግበሪያ እናሠራ» የሚል ሐሳብ መቅረቡ የተለመደ ሆኗል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን በጀት ከመያዙ በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ነገሮች አሉ። ለምሳሌ የምንወስደው በምዕራብ ወለጋ፣ በቦጂ አካባቢ የምትገኘውን ቢላንና ዙሪያዋን ነው።

መተግበሪያና ድረ ገጽ አንድ አይደሉም። መተግበሪያ በስልኩ ላይ የሚጫን ፕሮግራም ሲሆን ለአንድሮይድ የተሠራው በአይፎን ላይ አይሠራም፤ በየጊዜው መታደስም ይፈልጋል። ድረ ገጽ ግን በማሰሻ የሚነበብ ሰነድ ስለሆነ በስልኩ ዓይነት አይወሰንም። ድር የተፀነሰበት ሰርን የተባለው የአውሮፓ የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1993 ቴክኖሎጂውን ያለ ክፍያ ለዓለም ለቀቀ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው ፈቃድ ሳይጠይቅ ገጽ ማውጣት፣ የቻለም ማሰሻ መሥራት ይችላል።

አንድሮይድም «ክፍት» ይባላል፤ ይሁን እንጂ ክፍትነቱ ከድሩ የተለየ ነው። ጎግል ከስልክ አምራቾችና ከቴሌኮም ድርጅቶች ጋር ሆኖ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2007 ሲሆን የመጀመሪያው ስልክ በ2008 ለገበያ ቀረበ። መሠረቱ ሊኑክስ ነው፤ ዋናውን የምንጭ ኮድ ማንም ወስዶ ሊጠቀምበት ይችላል። ዋጋቸው ዝቅ ያሉ ስማርት ስልኮች በወለጋ ገበያዎች ሊገኙ የቻሉት በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ቤቱ ክፍት ሆኖ ጓዳው የተቆለፈ ነው። የመተግበሪያ መደብሩ፣ ካርታውና መልእክት አድራሹ አገልግሎት የጎግል የግል ንብረት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ መንግሥት በሁዋዌ ላይ የንግድ ገደብ በጣለ ጊዜ ኩባንያው ክፍቱን አንድሮይድ መጠቀም አልተከለከለም፤ በአዳዲስ ስልኮቹ ላይ የጎግልን መደብር ግን አጣ። የአውሮፓ ኮሚሽንም በ2018 ጎግልን ከ4 ቢሊዮን ዩሮ በላይ የቀጣው በአንድሮይድ አምራቾች ላይ በጣላቸው ግዴታዎች ምክንያት ነበር።

ሞዚላ እ.ኤ.አ. በ2013 ሙሉ በሙሉ በድር ቴክኖሎጂ የሚሠራ ስልክ ለገበያ አቅርቦ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ተወው። ሰው የሚፈልጋቸው የመልእክት መተግበሪያዎች በጊዜው በዚያ ስልክ ላይ ካልተገኙ፣ ሐሳቡ የቱንም ያህል ቢያምር ገዢ አያገኝም።

ለእኛ ይበልጥ የቀረበው ለውጥ በመምጣት ላይ ያለው ነው። በገጠሩ አካባቢ መተግበሪያ ከመደብር የሚወርደው አልፎ አልፎ ነው። ወጣቶች በዜንደርና በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ ያስተላልፉታል፤ የዳታ ወጪ የለበትምና። ጎግል ግን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 ከመደብሩ ውጭ የሚጫኑ መተግበሪያዎችም ጭምር ማንነቱን ባስመዘገበ አዘጋጅ የተሠሩ እንዲሆኑ እንደሚጠይቅ አስታወቀ። በዕቅዱ መሠረት ግዴታው በ2026 በጥቂት አገሮች ይጀምርና ከዚያ ወደ ሌሎች ይስፋፋል። ብዙ ተቃውሞ ስለገጠመው ልምድ ላላቸው ተጠቃሚዎች የተለየ መንገድ እንደሚተው ገልጿል። ዓላማው አጭበርባሪዎችን መከላከል እንደሆነ ተነግሯል፤ ሐሰተኛ የባንክ መተግበሪያ የሰው ገንዘብ እንደሚወስድም እሙን ነው። ቢሆንም ፕሮጀክቱ ሲያበቃ ባለሙያው ከሄደና ምዝገባውን የሚያስቀጥል ሰው ከጠፋ፣ መተግበሪያው በአዲስ ስልክ ላይ ላይጫን ይችላል። የፕሮጀክት ዕድሜ አጭር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

ድረ ገጽም ከችግር ነጻ አይደለም። የቆየ ስልክ የያዘ አርሶ አደር ገጹን ሲከፍት «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ያጋጥመዋል፤ እርሱም ስልኩ የተበላሸ ወይም ገጹ የሌባ የሆነ ይመስለዋል። ምክንያቱ ሌላ ነው። አብዛኛው ድረ ገጽ ማንነቱን የሚያረጋግጥ ሰርተፍኬት አለው፤ ስልኩ ደግሞ ሰርተፍኬቱን የሚያምነው ዋስ የሆነው አካል በውስጡ ባለው የዋሶች ዝርዝር ላይ ሲገኝ ነው። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት ለብዙ ድረ ገጾች በነጻ ሰርተፍኬት ይሰጣል፤ ሆኖም ከአንድሮይድ 7.1.1 በፊት የነበሩ ስልኮች ዋናውን የዋስትና ፊርማውን አያውቁትም። ለእነዚህ ስልኮች ሲባል የተዘረጋው ጊዜያዊ መፍትሔ እ.ኤ.አ. በ2024 አበቃ። በጎ ጎኑ፣ ፋየርፎክስ የተባለው ማሰሻ የራሱን የዋሶች ዝርዝር ይዞ ስለሚመጣ፣ ስልኩ የሚቀበለው ከሆነ፣ ያንኑ ገጽ ሊከፍት ይችላል። ክፍት ሥርዓት ጥቅሙ እዚህ ላይ ይታያል፤ አምራቹ የተወውን ስልክ ሌላ አካል ዕድሜውን ሊያራዝምለት ይችላል።

የፊደል ጉዳይ ለወለጋ ልዩ ትርጉም አለው። እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመው የአናሲሞስ ነሲብ የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በግእዝ ፊደል የተጻፈ ነበር፤ ዛሬ አፋን ኦሮሞ የሚጻፈው በቁቤ ነው። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ ሠንጠረዥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት ጽሑፋችን የሚነበበው ያው የፊደል ፋይል በተጫነበት ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ነበር። ዛሬም በአሮጌ የፊደል ፕሮግራም የተጻፈ ሰነድ በስልክ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል፤ ስለዚህ በጽሕፈት ቤት ያሉ የቆዩ ማሠልጠኛዎች ወደ ዩኒኮድ ሳይለወጡ ወደ ድረ ገጽ መሄድ የለባቸውም።

አጭር የጽሑፍ መልእክት ደግሞ የራሱ ሒሳብ አለው። በላቲን ፊደል የሚጻፍ መልእክት እስከ 160 ፊደላት ሲይዝ በግእዝ ፊደል የሚጻፈው 70 ብቻ ይይዛል። አማርኛ በጥቂት ፊደል ብዙ ስለሚናገር ጉዳቱ የሚታሰበውን ያህል አይደለም። ነገር ግን በአፋን ኦሮሞ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ሁዳ ቀጥ ባለው ምልክት ፋንታ በተጠማዘዘው ከተተካ መልእክቱ በሙሉ ወደ 70 ሊወርድና ለአንዱ መልእክት የሁለት ወይም የሦስት ዋጋ ሊከፈል ይችላል። አንዳንድ ስልኮች ይህን በራሳቸው ያደርጉታልና የሚልከው ሠራተኛ ልብ ይበል።

በድረ ገጽ ላይ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። በዚህ ስሌት 3 ሜጋባይት የሆነ አንድ የስብሰባ ፎቶግራፍ ከአንድ ሚሊዮን ፊደላት ጋር እኩል ይመዝናል። የቡና ዋጋ ለማየት ዳታ የገዛ ሰው የእንግዶቻችንን ፎቶግራፍ እንዲከፍል ማድረግ ተገቢ አይመስለኝም።

ከሁሉ በላይ ግን አውታረ መረብ ሁልጊዜ እንደሚኖር አድርጎ ማቀድ ለወለጋ አይሆንም። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት በምዕራብ ወለጋና በአጎራባች ዞኖች የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ ገጹ አንድ ጊዜ ከተከፈተ በኋላ በስልኩ ውስጥ ተቀምጦ ያለ ኔትወርክ የሚነበብ ሆኖ መሠራት አለበት፤ የዛሬ ማሰሻዎች ይህን ይፈቅዳሉ። ስማርት ስልክ ለሌለው ደግሞ እንደ ቴሌብር *127# ያለ በማንኛውም ስልክ የሚሠራ የአጭር ቁጥር አገልግሎት እንደሚኖር መታሰብ አለበት። የማኅበሩ መዝገብም በወረቀት ይቀጥል።

በእኔ አስተያየት የመጀመሪያው ምርጫ ቀላል ድረ ገጽ፣ በሁለቱም ቋንቋ፣ ፎቶግራፍ የሌለው ነው። መተግበሪያ የሚያስፈልገው ገጹ ሊሠራው የማይችለው ሥራ ሲገኝ ብቻ ነው። ለሙከራም አዲስ አበባ ባለው ፈጣን ኢንተርኔትና በአዲስ ስልክ አይሁን። በቢላ ገበያ በተራ ሰው እጅ ያሉ ሦስት አራት ስልኮች፣ አንዱ ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ አንዱ ማስታወሻው የሞላ፣ አንዱም ከአንድሮይድ 7 በፊት የሆነ ተመርጠው፣ ባለቤቶቹ ራሳቸው ገጹን እንዲከፍቱ ይደረግ፤ ሠራተኛው ስልኩን ሳይነካ ይመልከት፣ ሰዎቹ የቆሙበትንም ቦታ ይመዝግብ።