የክፍሉ መወጣጫ ምን ያህል ይርዘም?

ጥያቄ፦ በዊልቸር የምትሄድ ተማሪ አለችን። ግራና ከተማ ውስጥ ለምንሠራው አዲስ የመማሪያ ክፍል መወጣጫው ስንት ሜትር ይሁን?
(ከወላጆች ኮሚቴ)

መልስ፦ ከመሬት እስከ ክፍሉ ወለል ያለውን ከፍታ ለክታችሁ በ12 አባዙት። ከፍታው 45 ሴንቲ ሜትር ከሆነ መወጣጫው 5 ሜትር ከ40 ይሆናል። ግንበኛው «2 ሜትር ይበቃል» ቢላችሁ እሺ እንዳትሉ፤ ልጅቷ ሰው ካልገፋት አትወጣውም፣ ስትወርድም ዊልቸሩ ይንደረደርባታል። ሲሚንቶው ሳይደርቅ በመጥረጊያ ጫር ጫር አድርጉት፣ ክረምት ላይ እንዳያንሸራትት። በሩ ፊት 1.5 ሜትር ደልዳላ ቦታ ተዉ፤ የበሩም ስፋት 90 ሴንቲ ሜትር ይሁን።

ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ ሽንት ቤቱን ነው። በሩ ወደ ውጭ ይከፈት፣ ውስጡ ዊልቸር ያዙር፣ ግድግዳው ላይ መደገፊያ ብረት ይኑር። የሕንፃ ሕጉ ለሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች መግቢያውንም ሽንት ቤቱንም ግዴታ አድርጓል፤ በጀት ስትጠይቁ ጥቀሱት።