ከመጫወቻው ይልቅ ምላሹ፦ የሕፃናት ጨዋታ በቤት ውስጥ

ስለ ሕፃናት ጨዋታ ሲነሣ ቀድሞ የሚታሰበው ከገበያ የሚገዛ መጫወቻ ነው። በዚህ አስተሳሰብ፣ የመግዛት አቅም የሌለው ቤተሰብ ለልጁ ዕድገት የሚያበረክተው አነስተኛ እንደሆነ ሊቆጠር ይችላል። በመጀመሪያው የዕድሜ ዓመት ግን ወሳኙ ዕቃው ሳይሆን የተንከባካቢው ምላሽ ነው።

ኤድዋርድ ትሮኒክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት፣ እናቶች ከሕፃናቸው ፊት ለፊት ተቀምጠው ለጥቂት ደቂቃ ፊታቸው ምንም ስሜት እንዳያሳይ ተደረገ። ሕፃናቱ በመጀመሪያ የእናታቸውን ትኩረት ለመሳብ ሞከሩ፤ ምላሽ ሲያጡ ግን ፊታቸውን አዞሩ። እናት በአካል ሳትለይ የምላሿ መቋረጥ ብቻውን ሕፃኑን ያውካል።

ከዚህ አንጻር በቤት ውስጥ የሚቻሉት ጨዋታዎች ቀላል ናቸው። የሦስት ወር ሕፃን ድምፅ ሲያሰማ ያንኑ ድምፅ መመለስና ተራውን እስኪወስድ ዝም ብሎ መጠበቅ አንዱ ነው። ከስድስት ወር በኋላ ፊትን በነጠላ ሸፍኖ መግለጥ፣ ከዓይን የተሰወረ ነገር ተመልሶ እንደሚመጣ ያለማምዳል። መቀመጥ የቻለ ሕፃን በእንጨት ማንኪያ የፕላስቲክ ሳህን ሲመታ፣ አዋቂው ምቱን ቢደግም ጩኸቱ ምልልስ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ መዳኽ ያልጀመሩ ሕፃናት ነቅተው ሳሉ በቀን በድምሩ ቢያንስ 30 ደቂቃ በሆዳቸው እንዲተኙ ይመክራል፤ ከአንድ ዓመት በታች ላሉት ስክሪን ማሳየትን አይደግፍም።

አብዛኞቹ ጨዋታዎች ልብስ ሲለወጥ ወይም ገላ ሲታጠብ ሊከናወኑ ስለሚችሉ፣ በሥራ ለተወጠረች እናት የተለየ ሰዓት አይጠይቁም። ስለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በቤት ለቤት ጉብኝታቸው ሊያነሡት የሚገባው ጥያቄ «ሕፃኑ መጫወቻ አለው ወይ?» የሚል ሳይሆን «ድምፅ ሲያሰማ ማን ይመልስለታል?» የሚል ነው።